ደሙ ቆመ ብላችሁ አትፍቷት፦ ሴት ውሻ ድራት ላይ ስትሆን የሚደረግ

«ልጄ፣ ደሙ እኮ ቆመላት። አሁን ልፍታት?»

ይህን ጥያቄ ከደሴ ሰፈሮች፣ ከሆጤም ከጢጣም፣ በስልክም በር ላይም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኧረ እትዬ፣ አሁን ነው እንዳይፈቷት! ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስረዳት እጀምራለሁ። ደሴ ላይ ሁለት ሴት ውሾች ስላሳደግሁ ሰፈሩ እንደ ሐኪም ያየኛል እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ መርፌና ቀዶ ሕክምና የሚነካው ሁሉ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራውን ግን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

«ድራት» የምለው ላም ኮርማ ስትፈልግ የምንለውን ያንኑ ነው። ውሻ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ወር እየቆየ ይመላለሳል። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ይታያል፤ ትልቅ ዘር ከሆነች እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። አንዴ ከጀመረ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ
- ነጭ ሶፍት
- ጠንካራ የአንገት ማሰሪያና አጭር ገመድ
- በሩ የሚቆለፍ ክፍል (ማድቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ባዶ በረት)
- የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ ሚስማር፣ ትልልቅ ድንጋይ
- አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ፣ ቢያንስ ሁለት ቅያሪ
- ሳሙናና በረኪና
- የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቷ

የመጨረሻው ከሌለ ድራቱ ሳይመጣ አስከትቡ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃዎቹ

1. ቀን አንድን ያዙ።

የመጀመሪያው ምልክት ብልቷ ማበጡ ነው፤ እየደጋገመች ትልሰዋለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። ከዚያ የደም ጠብታ ይመጣል። ዕድሜዋ ከደረሰ ወይም ካለፈው ድራት 5 ወር ካለፈ፣ በየጠዋቱ ነጭ ሶፍት ብልቷ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ ንኩና እዩት። ቀይ ያያችሁበት ቀን ቀን 1 ነው፤ ጻፉት። «በጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ ነው መሰለኝ» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚቆጠረው ከዚህች ቀን ስለሆነ «መሰለኝ» አይሠራም።

አንዳንድ ውሻ ራሷን እየላሰች ስለምታጸዳ ጠብታ አይታይም። በራችሁ ላይ የማታውቋቸው ወንድ ውሾች መተኛት ከጀመሩ ድራቱ የጀመረው ከቀናት በፊት ሊሆን ይችላል። ያኔ «ገና ቀን 1 ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ አደገኛው ሳምንት እንደደረሰ ቁጠሩት።

2. ግቢውን በእጃችሁ እየነካችሁ ፈትሹ።

በዓይን ማየት አይበቃም። የበሩን ሥር፣ ውሃ መውረጃውን፣ ቆርቆሮው የላላበትን ጥግ በእጅና በእግር ግፉት። ወንድ ውሻ ሽታውን ከሩቅ ያገኘዋል፤ አፈር ይቆፍራል፣ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። የበሩን ሥር በድንጋይ ሙሉት፤ የላላውን ቆርቆሮ በሽቦ እሰሩት። የድንጋይ ካብ ያላችሁ የገጠር ሰዎች በካቡ አትመኩ፤ ውሻ ለመውጣት እንደ ደረጃ ነው የሚጠቀምበት።

ግቢው ምንም ቢጠነክር እሷን ክፍል ውስጥ አስገቧት። በእሷና በወንዱ መካከል ሁልጊዜ ሁለት በር ይኑር፤ የክፍሉና የግቢው። ሰው ሲገባ ሲወጣ አንዱ ይከፈታልና።

ማስጠንቀቂያ፦ በሰንሰለት አስሮ ውጭ ማሳደር መከላከያ አይደለም። ሰንሰለቱ የሚይዘው እሷን እንጂ ወንዱን አይደለም፤ የማትሸሽ አድርጎ ያስቀምጥለታል። በዚያ ላይ ሌሊት ጅብ በሚዞርበት አካባቢ የታሰረች ውሻ መሮጫ የላትም።

3. ማደሪያዋን አጽዱ።

አንሶላውን በየቀኑ ቀይሩ፤ ሽታው ሲጠራቀም ወንዶቹ ከበር አይነሱም። ወለሉን መጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በረኪና ሽንት ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። ሶላት የሚሰገድበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከቀን 1 ጀምሮ ማደሪያዋን የውጭ ክፍል አድርጉት፤ ጠብታው የት እንዳረፈ ስትፈልጉ ከመዋል ያድናችኋል።

ለውሻ የሚታሰር የጨርቅ መቀበያ አለ። ወለል እንዳይቆሽሽ ይረዳል፤ ስሪያን ግን አይከለክልም። ነጭ ጋዝ ቀቧት፣ ሚጥሚጣ ነስንሱባት የሚል ምክር ከሰማችሁ እንዳትሞክሩት። ያን ስስ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሷም ትልሰዋለች።

4. ደሙ ሲገረጣ ጥበቃውን እጥፍ አድርጉ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የሚያሳስተን የሰውን የወር አበባ ማሰባችን ነው። በሰው የወር አበባ የሚመጣው ሳይረገዝ ሲቀር ነው፤ ደሙ የሚናገረው ያለፈውን ነው። የውሻ ደም ግን ማርገዣው ከመድረሱ በፊት የሚመጣ ነው፤ ማህፀኗ እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ደሙ ሲቀንስ በሩ እየተዘጋ ሳይሆን እየተከፈተ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት ገደማ ደሙ ቀይ ነው፤ ወንዶቹ ይከተሏታል፣ እሷ ግን ታጉረመርማለች፣ ትነክሳለች፣ ቁጭ ትላለች። ከዚያ ፈሳሹ እየገረጣ የገለባ ቀለም ይይዛል፤ የተዋችው ይመስላል። በዚህ ጊዜ ከጅራቷ ሥር፣ ወገቧ ላይ በጣታችሁ አከክ አድርጓት። ጅራቷን ወደ ጎን አዙራ ቀጥ ብላ ከቆመች ወንድ ትቀበላለች ማለት ነው። ይህም 9 ቀናት ገደማ ይቆያል፤ ነገር ግን አንዷ በ4ኛው ቀን፣ ሌላዋ በ17ኛው ቀን ልትጀምር ትችላለች። አማካዩን ይዞ መቁጠር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

እኔን የጣለኝ 12ኛው ቀን ነው። ሶፍቱ ላይ ቀይ ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ተመስገን አለቀ አልኩ። ኅዳር 12 ረፋድ ላይ የከሰል ጆንያ ላስገባ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ዞርኩ። ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ የማይጠፋው አንድ ጆሮው የተቆረጠ ቀይ ውሻ ጆንያውን ዘሎ ገባ። ከሰሉን አስቀምጬ ስመለስ ተቆላልፈው ቆመዋል። ጥር 15 ሌሊት፣ ጥምቀት ካለፈ በአራተኛው ቀን፣ ስድስት ቡችላ ወለደች። አራቱ ሰው አገኙ፤ ለሁለቱ ግን ሰው ስለምን ሰነበትኩ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ከቀን 1 ጀምሮ ሙሉ 21 ቀን፣ ከዚያ ለጥንቃቄ አንድ ሳምንት። ቀን 1 ጥቅምት 5 ከነበረ እስከ ኅዳር 2 ድረስ አትፈታም። ኅዳር 2 ላይም ወንዶቹ በር ላይ ካሉ ወይም ብልቷ እንዳበጠ ከሆነ ጨምሩ።

ሌላው የሚረሳ ነገር፦ ወንድሟም፣ አባቷም፣ የራሷ ልጅም ወንድ ነው። «አብረው ያደጉ ናቸው፣ አይነካትም» አይባልም። ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ቤት ውስጥ ካለ፣ ዘመድ ቤት አስቀምጡት፤ በአንድ በር ብቻ ለይታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን ጎረቤት አታስቀይሙ።

5. ስታስወጧት በገመድ፣ ለአጭር ጊዜ።

መውጣቷ ለሽንትና ለዓይነ ምድር ይበቃል። ገመዱ እጃችሁ ላይ ይጠቅለል፤ በገዛ እጃችሁ ያሳደጋችኋት ታዛዥ ውሻ እንኳ በዚህ ሳምንት ስትጠሯት አትሰማም። በሥጋ ቤት ደጃፍና በገበያ በኩል አትለፉ፤ ልጆች ገመዱን አይያዙ።

ምክንያቱ ማርገዝ ብቻ አይደለም። በአንዲት ሴት ዙሪያ የተሰበሰቡ ወንዶች እርስ በርስ ይናከሳሉ፤ መሀል የገባውንም ሰው ይነክሳሉ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው በዋናነት የሚመጣው በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻው ያብድ እንደሆነ እንይ ብሎ ቤት መቀመጥ የለም።

6. ከተቆላለፉ አትጎትቱ።

ልጆች ድንጋይ ያነሳሉ፣ አዋቂውም ዱላ ይፈልጋል። ተዉዋቸው። ወንዱ በተፈጥሮው እዚያ ውስጥ ስለሚያብጥ ነው የማይላቀቁት፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው በራሳቸው ይለያያሉ። ቢጎተቱ ሁለቱም ውስጣቸው ይቆስላል፤ ማርገዙንም አታስቀሩትም፣ ዘሩ ገብቷልና። ልጆቹን አርቁ፣ እስኪለያዩ ጠብቁ፣ እሷን ወደ ክፍሏ መልሱ።

ከዚያ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ ቀኑን ጻፉ። ሁለተኛ እንደገና ቆልፉባት፤ «እንግዲህ ሆነ» ብሎ መፍታት ስህተት ነው፤ በአንድ ሆድ ከተለያየ አባት የሆኑ ቡችሎች ሊወለዱ ይችላሉ፣ ንክሻውም በሽታውም ገና አላለፈም። ሦስተኛ እንዲወለድ የማትፈልጉ ከሆነ በቀናት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ከፋርማሲ የሰው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ወይም የሦስት ወሩን መርፌ ገዝታችሁ አትስጧት። እነዚህ ሆርሞኖች ማህፀኗ መግል እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ በዚህ የታመመች ውሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትድነው በቀዶ ሕክምና ነው።

የመውለጃዋ ቀን በአማካይ 63ኛው ነው፤ ጥቂት ቀን ወዲህና ወዲያ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ወር ከሦስት ቀን። ኅዳር 12 ከሆነ ጥር 15። ጳጉሜን መሀል ከገባች ግን አምስቷን (በየአራት ዓመቱ ስድስቷን) ቀን ቀንሱ፦ ሐምሌ 20 የተሳረረች ውሻ መስከረም 23 ሳይሆን መስከረም 18 ነው የምትጠበቀው።

7. ካበቃ በኋላ ሁለት ወር አትዘናጉ።

ሳታረግዝም ጡቷ ሊያብጥ፣ ወተት ሊወጣው፣ ጫማ እንደ ቡችላ ተሸክማ ልታሳድግ ትችላለች። የሐሰት እርግዝና ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ሳምንት በራሱ ያልፋል። ወተቱን አትለቡ፣ ጡቷን አትሹ፤ በነካችሁት መጠን ወተቱ ይጨምራል።

አስፈሪው የማህፀን መግል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድራት ካለቀ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ወልዳ የማታውቅም፣ ዕድሜዋ የገፋም ትጠቃለች። ውሃ አብዝታ ከጠጣች፣ መብላት ከተወች፣ ካስታወከች፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ከብልቷ የሚሸት መግል ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት። መግሉ ሳይወጣ ውስጥ ሲታፈን የባሰ ነው፤ ስለዚህ «ፈሳሽ የላትም» ብላችሁ አትጽናኑ።

ማምከን ወይስ አለማምከን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ማምከን ማለት የእንቁላል ማምረቻዎቿን፣ ብዙ ጊዜም ማህፀኗን ጨምሮ፣ በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ነው። ከዚያ በኋላ ድራትም፣ ቡችላም፣ የማህፀን መግልም የለም። ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ድራት በፊት ከተደረገ በጡት ዕጢ የመያዟ ዕድልም ይቀንሳል። በሌላ ወገን ማደንዘዣ ሁልጊዜ የራሱ አደጋ አለው፤ አንዳንዶች፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ኋላ ላይ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ብዙዎቹ ይወፍራሉ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሚወለዱትን ቡችሎች የሚወስዱ ሰዎች ስም ዛሬ መጻፍ ትችላላችሁ? «ሰው አይጠፋም» ስም አይደለም። መጻፍ ካልቻላችሁ አስመክኗት። «አንዴ ትውለድና ይሻላታል» የሚባለው ለጤናዋ የሚጨምረው ነገር የለም። «ግቢ መጠበቅ ትተዋለች» የሚሉም አሉ፤ የእኔዋ ከመከነች በኋላ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ እስከ ዛሬ አላስገባችም።

ጊዜው፦ ትንሽና መካከለኛ ውሻ ከ6 ወር ጀምሮ፤ ትልቅ ዘር ከሆነች አጥንቷ እስኪጠና አንድ ዓመት አካባቢ መጠበቅ ስለሚመረጥ ሐኪሙን አማክሩ። ድራት ላይ እያለች፣ ሌላ አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ፣ አይደረግም፤ የደም ሥሮቹ ያበጡ ስለሆኑ ብዙ ደም ይፈሳል። ካበቃ ከ2 እስከ 3 ወር ጠብቁ። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ ኅዳር 2 ላይ ካለቀ፣ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሚያዝያ ሲመጣ ቀጣዩ ድራት ሊጀምር ይችላል።

ሀ. ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሥራው በአብዛኛው ከብትና በግ ነው። ስለዚህ «ሴት ውሻ አምክነው ያውቃሉ? በምን ያስተኟታል? የሕመም ማስታገሻ ይሰጣሉ? ማታ ችግር ቢመጣ ማንን ልጥራ?» በሉ። የማይሠሩ ከሆነ የሚሠራ ሰው እንዲጠቁሟችሁ ጠይቁ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ እዚያም መጠየቅ ይቻላል።

ለ. ከቀዶው በፊት ባለው ሌሊት ምግብ አትስጡ። ለአዋቂ ውሻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባዶ ሆድ ይበቃል፤ ለትንሽ ቡችላ ያጠረ ስለሆነ ሐኪሙ ይንገራችሁ። ውሃ እስከ ጠዋት ትጠጣ። ተኝታ ካስታወከች ትውኪያው ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ የምትመጡ ደግሞ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ መኪና ያልለመደች ውሻ በባዶ ሆዷም ሐረጎን አትችለውም፤ ጆንያ ያዙ።

ሐ. ስትመለስ አሙቋት። ማደንዘዣ ሰውነቷን ያቀዘቅዛል፣ የደሴ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። ሲሚንቶ ላይ አትተኛ፤ ጆንያ፣ በላዩ አንሶላ። ሙሉ በሙሉ ስትነቃ ውሃ ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ ከልማዷ በግማሽ ያነሰ ምግብ።

መ. እንዳትልሰው ከልክሉ። ስፌቱን በአንድ ሌሊት ልትፈታው ትችላለች። የተዘጋጀ የአንገት ማገጃ ካጣችሁ የልጅ ቲሸርት አልብሷት፤ የፊት እግሮቿን በእጅጌው አስወጡና ጀርባዋ ላይ ቋጥሩት። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ገልጣችሁ እዩ። ትንሽ መቅላት ያለ ነው። ደም ከተንጠባጠበ፣ መግል ከያዘ፣ ከተከፈተ ወይም ድዷ ከነጣ ወዲያው ሐኪም። ኮምቦልቻና ባቲን በመሰለ ሞቃት አካባቢ ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላል ይጥላል፤ በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ አቆዩዋት።

ማስጠንቀቂያ፦ አመማት ብላችሁ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጧት። ለሰው የተመጠነው ጨጓራዋን፣ ኩላሊቷን ወይም ጉበቷን ይጎዳል። ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ።

ሠ. ከ10 እስከ 14 ቀን ሩጫ፣ ዝላይ፣ ገላ መታጠብ የለም። ክሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሐኪሙ ያወጣዋል። በቤት መቀስ አትሞክሩት፤ ላይ የዳነ የመሰለው ውስጡ ላይድን ይችላል።

ሲደጋገሙ የማያቸው ስህተቶች

- ደም ሲቆም መፍታት። (አሁንስ አትሉኝም!)
- በሰንሰለት ማሰርን እንደ መከላከያ መቁጠር።
- የቤቱን ወንድ አኮላሽቶ በሳምንቱ ማቀላቀል። ቀድሞ የተጠራቀመ ዘር ስላለ እስከ አንድ ወር ተኩል ሊያስረግዝ ይችላል።
- ወደ ቀዶ ስትሄድ የመጨረሻውን ድራት ቀን ለሐኪሙ አለመናገር። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።
- ከመከነች በኋላ የድሮውን ያህል መመገብ። ሩብ ያህል ቀንሱና በየወሩ የጎን አጥንቷን ዳብሱት፤ በጣታችሁ ካላገኛችሁት ወፍራለች።
- ከቀዶ በተመለሰች ማግስት ከወንዶች ጋር መልቀቅ። ሽታው ወዲያው አይጠፋም፣ ወንዶቹም ሊወጡባት ይሞክራሉ፤ ገና ያልጠገገው የውስጥ ስፌት ያን ክብደት አይችልም። ሐኪሙ ድና አለቀ እስኪላችሁ በሩ እንደተቆለፈ ይቆይ።